የመዥገሬ የማይቶኮንድሪያ ጂኖም ለምን ሁለት ቦታ ይቆረጣል? ስለ ጂኖች አቀማመጥና ስለ መዥገሮች ዝምድና

ጥያቄ፦ ሐኪም ዘጅማ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። በጅማ ዙሪያ ከሚረቡ የቀንድ ከብቶች ላይ የሰበሰብኳቸውን መዥገሮች ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ እያጠናሁ ነው። በአካባቢያችን ከብት ላይ በብዛት የማገኛቸው አምብሊዮማ ኮሄረንስ፣ አምብሊዮማ ቫሪዬጋተም፣ በቀድሞ ስሙ ቦኦፊለስ ዲኮሎራተስ የሚባለው እና ሪፒሴፋለስ ኤቨርትሲ ናቸው። ወንዶቹን በጀርባ ጋሻቸው ቀለምና ነጠብጣብ መለየት አያዳግትም፤ ደም ጠጥተው ያበጡ ሴቶችንና ገና ያልጎለመሱትን ግን በአጉሊ መነጽር ብቻ ለይቶ ስም መስጠት ስላስቸገረኝ፣ አማካሪዬ የማይቶኮንድሪያቸውን (በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨውን፣ የራሱ ዲኤንኤ ያለውን ክፍል) ሙሉ ጂኖም እንዳስነብብ መከሩኝ።

ከአንድ የአምብሊዮማ ቫሪዬጋተም ወንድ የወጣው ዲኤንኤ ርዝመታቸው 150 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) በሆኑ አጫጭር ንባቦች ተነብቦ መጣልኝ። ንባቦቹን በኮምፒውተር ስገጣጥማቸው ግን የሚጠበቀውን ክብ ጂኖም አላገኘሁም። ያገኘሁት ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ ወደ 9 ሺህ፣ ሌላው ወደ 5 ሺህ ቤዝ የሚጠጋ ርዝመት አለው። ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሠራሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ በዚያው ቦታ ይቆረጣል።

ሁለተኛው ችግሬ የጂኖቹ አቀማመጥ ነው። ለማነጻጸሪያ የአውሮፓውን ኢክሶደስ ሪሲነስን ጂንባንክ ከተባለው የዲኤንኤ መረጃ ቋት ወስጄ ጎን ለጎን ሳስተያያቸው፣ ናድ1 የተባለው ጂን እኔ ዘንድ በሌላ ቦታ ተቀምጦ አገኘሁት። ሦስተኛ፣ ናድ5ን ወደ ፕሮቲን ስተረጉመው በመካከሉ ብዙ የማቆሚያ ምልክት ስለሚታይ፣ ያነበብኩት እውነተኛው የማይቶኮንድሪያ ጂን ሳይሆን ወደ ኒውክሊየስ የተሻገረ የሞተ ቅጂው እንዳይሆን ሠግቻለሁ። በመጨረሻም፣ በ16ኤስ ጂን የሠራሁት የዝምድና ዛፍና ኮክስ1 በተባለው ሌላ ጂን የሠራሁት ዛፍ ቦኦፊለስን በተለያየ ቦታ ያስቀምጡታል። ናሙናዬ ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ ያልተረዳሁት ነገር አለ? ለሌላ ዙር ንባብ የሚሆን ገንዘብ ስለሌለኝ፣ የምትሰጡኝ ምክር ሥራዬን የሚወስን ነው።

መልስ 1፦ የቤተ ሙከራ ሰው

ጤና ይስጥልኝ ሐኪም። ሥራዎን ከመጣልዎ በፊት አንድ ነገር ይመልከቱልኝ፤ የሁለቱን ቁራጮች አራት ጫፎች አውጥተው እርስ በርሳቸው ያነጻጽሯቸው። ግምቴ ትክክል ከሆነ በየጫፉ 300 ቤዝ ገደማ የሚሆን፣ አንዱ ከሌላው እምብዛም የማይለይ ክፍል ያገኛሉ። በዚያ ክፍል ላይ ያለው የንባብ ጥልቀት (ቦታውን የሸፈኑት ንባቦች ብዛት) ደግሞ ከቀረው ጂኖም እጥፍ ሊሆን ይገባል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የአብዛኞቹ እንስሳት የማይቶኮንድሪያ ጂኖም 37 ጂኖች አሉት፤ ፕሮቲን የሚሠሩ 13፣ ትራንስፈር አርኤንኤ የሚሠሩ 22 እና ራይቦሶማዊ አርኤንኤ የሚሠሩ 2። ከእነዚህ በተጨማሪ ምንም ጂን የሌለበት፣ የዲኤንኤው መባዛት የሚጀመርበት መቆጣጠሪያ ክፍል የሚባል ቦታ አለ። ብዙውን ጊዜ ይህ ክፍል አንድ ብቻ ነው። አምብሊዮማ፣ ሪፒሴፋለስ፣ ሃያሎማ፣ ሄማፊሳሊስና ዴርማሴንተር የሚገኙበት፣ ሜታስትሪያታ የተባለው የጠንካራ መዥገሮች ምድብ ግን ሁለት አለው። ይበልጥ የሚደንቀው ሁለቱ መቆጣጠሪያ ክፍሎች በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ተለያይተው አለመቅረታቸው ነው፤ አንዱ ሲለወጥ ሌላውም አብሮት እየተለወጠ፣ በአንድ ዝርያ ውስጥ ሁልጊዜ መንታ ሆነው ይገኛሉ።

እንግዲህ 150 ቤዝ ብቻ የሚያነብ መሣሪያ 300 ቤዝ በሚያህል መንታ ክፍል መካከል ሲገባ፣ ንባቡ ከየትኛው ቅጂ እንደመጣ የሚለይበት ምንም ምልክት የለውም። ገጣጣሚው ፕሮግራም ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ያጣብቃቸዋል፤ ከዚያ ነጥብ በኋላ ወደ የትኛው ወገን እንደሚቀጥል ሲቸግረው ቆርጦ ይተወዋል። የእርስዎ 9 ሺህና 5 ሺህ በሁለቱ መቆጣጠሪያ ክፍሎች መካከል ካለው ርቀት ጋር በደንብ ይገጥማል። በመካከላቸው ያለው አጭሩ ወገን ናድ5፣ ናድ4፣ ናድ4ኤል፣ ናድ6 እና ሳይትቢን የያዘው ነው፤ ሌላው ሁሉ በረጅሙ ቁራጭ ላይ መገኘት አለበት።

ስለዚህ አዲስ ዙር ንባብ አያስፈልግዎትም። ሁለት ጥንድ ፕራይመር (የሚባዛውን ክፍል ጫፎች የሚወስኑ አጫጭር ዲኤንኤ) አዘጋጅተው፣ አንዱን ከ12ኤስ ጂን ተነሥቶ ወደ ናድ5፣ ሁለተኛውን ከሳይትቢ ተነሥቶ ወደ ናድ2 እንዲያነብ አድርገው ፒሲአር (የተመረጠ የዲኤንኤ ክፍልን የማባዛት ሥራ) ይሥሩ። ፕራይመሮቹን ወደ ጂኖቹ ጠርዝ ካስጠጓቸው እያንዳንዱ ውጤት ከ1 ሺህ ቤዝ ስለማይበልጥ፣ በተለመደው የሳንገር ዘዴ ከሁለቱም ጫፍ አንብበው መቆጣጠሪያ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ማየት ይችላሉ። እነዚህ ሁለት ውጤቶች ከተገኙ ሁለቱ ቁራጮች የአንድ ክብ ሁለት ግማሾች መሆናቸው ይረጋገጣል። በናኖፖር የሚሠሩ ባልደረቦች ካሉ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ቤዝ በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ ችግሩ ጨርሶ አይነሣም፤ ሆኖም ለአንድ ናሙና ሲባል ብቻ ወጪውን አልመክርም።

መልስ 2፦ እማሆይ ሚዛን

ስለ ማቆሚያ ምልክቶቹ ብቻ አንድ ቃል ልበል። ሲተረጉሙ የተጠቀሙት የትኛውን የኮድ ሠንጠረዥ (ሦስት ሦስት ፊደል የትኛውን አሚኖ አሲድ እንደሚያመለክት የሚያሳየውን) ነው? ፕሮግራሙን እንዳለ ከተዉት ብዙውን ጊዜ መደበኛውን የኒውክሊየስ ኮድ ይወስዳል። አከርካሪ አልባ እንስሳት በማይቶኮንድሪያቸው የሚጠቀሙበት ኮድ ግን 5ኛው ሠንጠረዥ ነው። በእሱ ቲጂኤ ማቆሚያ መሆኑ ቀርቶ ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ ያመለክታል፤ ኤቲኤ ሜቲዮኒን፣ ኤጂኤና ኤጂጂ ደግሞ ሴሪን ይሆናሉ። ሠንጠረዡን ቀይረው እንደገና ይተርጉሙት። ከዚያ በኋላም ማቆሚያ ምልክት በመካከል ከቀረ፣ ያን ጊዜ ወደ ኒውክሊየስ የተሻገረ ቅጂ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሐኪም ዘጅማ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሠንጠረዡን ወደ 5ኛው ስቀይረው በናድ5 ውስጥ የነበሩት ማቆሚያዎች በሙሉ ጠፉ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍ የነሣኝ ነገር ይህ ነበር። ጫፎቹንም አነጻጸርኩ። እንዳሉት መንታ ናቸው፤ የንባብ ጥልቀቱም በሌላው ክፍል 210 ገደማ ሲሆን እዚያ ላይ ከ400 ያልፋል። ፕራይመሮቹን በዚህ ሳምንት አዛለሁ። የናድ1 ቦታ መለወጥና የቦኦፊለስ ጉዳይ ግን እስካሁን አልተፈታልኝም።

መልስ 3፦ ሥርዓተ ምደባ

የናድ1 ቦታ መለወጥ ስሕተት አይደለም። ለእኔ ከጠቅላላው ጥያቄዎ ውስጥ የላቀው ነገር ይህ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ።

መዥገሮች ዛሬ በሕይወት ባሉ ሦስት ቤተሰቦች ይመደባሉ። የመጀመሪያው የጀርባ ጋሻ ያላቸው ጠንካራ መዥገሮች ቤተሰብ ሲሆን ከ700 በላይ ዝርያዎችን ይዟል። ሁለተኛው ለስላሳ መዥገሮች የምንላቸው፣ በአብዛኛው በዋሻ፣ በጎጆና በዶሮ ቤት ስንጥቅ ተደብቀው እየወጡ ለአጭር ጊዜ ደም የሚጠጡት፣ 200 ያህል ዝርያዎች ናቸው። ሦስተኛው ቤተሰብ ግን አንድ ዝርያ ብቻ አለው፤ እርሱም ኑታሊየላ ናማኳ ነው። ይህ መዥገር በ1931 እ.ኤ.አ. ከደቡብ አፍሪካ ናማኳላንድ ተገልጾ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት በጣት በሚቆጠሩ ናሙናዎች ብቻ ሲታወቅ ቆይቶ፣ በ2011 ነፍስ ያላቸው ደም የጠጡ ሴቶች ሊጠኑ ችለዋል። ከጠንካራዎቹም ከለስላሳዎቹም የሚጋራው ገጽታ ስላለው፣ የትኛው ወገን ዘመድ እንደሆነ በመልክ ብቻ መወሰን ሲያከራክር ኖሯል።

ጠንካራ መዥገሮች ራሳቸው ደግሞ ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ኢክሶደስ የተባለው ወገን ብቻውን የሚገኝበት ፕሮስትሪያታ ሲሆን፣ ሌላው የእርስዎን ናሙናዎች በሙሉ የሚያጠቃልለው ሜታስትሪያታ ነው። በ1998 ብላክና ሮርዳንዝ የሁለት ጠንካራ መዥገሮችን፣ የኢክሶደስ ሄክሳጎነስንና የሪፒሴፋለስ ሳንጉይነስን፣ ሙሉ የማይቶኮንድሪያ ጂኖም አንብበው አወጡ። የኢክሶደሱ ጂኖች አቀማመጥ የፈረስ ጫማ ሸርጣን ከሚባለው ከጥንታዊው የባሕር እንስሳ ከሊሙለስ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም የአርትሮፖዶች ሁሉ ጥንተ አቀማመጥ ነው ተብሎ የሚታሰበው ነው። የሪፒሴፋለሱ ግን ተዘዋውሮ ነበር። በጥንቱ አቀማመጥ የግሉታሚክ አሲድ ትራንስፈር አርኤንኤ ከፌኒላላኒን ትራንስፈር አርኤንኤ ጋር ተጎራብቶ ይገኛል። በሜታስትሪያታ በሁለቱ መካከል ናድ1፣ 16ኤስና 12ኤስ ያሉበት ትልቅ ክፍል መቆጣጠሪያ ክፍሉን ይዞ ገብቷል፤ የሊውሲንና የሲስቴይን ትራንስፈር አርኤንኤዎችም ቦታቸውን ለቀዋል፤ ሁለተኛ መቆጣጠሪያ ክፍልም ተፈጥሯል። ካምቤልና ባርከር በዚያው ዓመት ሌሎች ዝርያዎችን በፒሲአር ሲመረምሩ ይኸው ለውጥ በሜታስትሪያታ ሲገኝ በኢክሶደስና በለስላሳ መዥገሮች የለም።

የፊደል ለውጥ፣ ማለትም ኤ በጂ ወይም ሲ በቲ መተካት፣ በተለያዩ የዘር ሐረጎች ላይ በየግሉ ተደጋግሞ ሊከሠት ይችላል፤ ተመልሶ ሊቀለበስም ይችላል። እንዲህ ያለ ባለ ብዙ ክፍል የአቀማመጥ ለውጥ ግን በሁለት የተለያዩ ዘሮች ላይ በተመሳሳይ መንገድ ሁለት ጊዜ ይከሠታል ብሎ ማሰብ በጣም ያስቸግራል። ስለዚህ ይህን አቀማመጥ የተሸከመ መዥገር ሁሉ ከአንድ ቅድመ አያት መውረዱን በብርቱ ይመሰክራል። እርስዎ እንደ ስሕተት የቆጠሩት የናድ1 ቦታ ናሙናዎ የሜታስትሪያታ ልጅ መሆኑን የሚናገር ማኅተም ነው። የኑታሊየላ ናማኳ ጂኖም በ2012 ሲታተምም ጥንታዊውን አቀማመጥ እንደያዘ ታይቷል፤ በቅደም ተከተሉ ላይ የተሠራው ዛፍም ከሌሎቹ መዥገሮች ሁሉ ቀድሞ እንደተለየ አመልክቷል።

ለውጡ ግን እዚያ አላበቃም። የቦኦፊለስ ማይክሮፕለስ ጂኖም በ1999 ሲጠና የግሉታሚክ አሲድ ትራንስፈር አርኤንኤንና የናድ1ን ጫፍ የያዘ ቁራጭ አምስት ጊዜ ተከታትሎ ተደግሞ ተገኝቷል። መገጣጠሚያው ያለበት ድንበር ላይ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ነገሩ የተሰበረበት ቦታ እስካሁን ያልረጋ ይመስላል። በአውስትራሊያና በአካባቢዋ ያሉ የኢክሶደስ ዝርያዎችም የራሳቸውን ሁለተኛ መቆጣጠሪያ ክፍል አፍርተዋል። ይህ ግን ከሜታስትሪያታው ተለይቶ በራሱ የተፈጠረ ስለሆነ፣ «ሁለት መቆጣጠሪያ ክፍል አለው» በሚል ብቻ መዛመድን መደምደም አይገባም፤ የት እንደተቀመጠ ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ቦኦፊለስ ስም ደግሞ፣ በ2003 ሙሬልና ባርከር ቦኦፊለስን ከሪፒሴፋለስ ወገን በታች እንደ ንዑስ ወገን አድርገውታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዝምድና ዛፉ ላይ ቦኦፊለስ ከሪፒሴፋለስ ውጭ ሳይሆን በውስጡ ነው የሚወጣው፤ አንዳንዶቹ የሪፒሴፋለስ ዝርያዎች ከሌሎቹ ሪፒሴፋለሶች ይልቅ ለቦኦፊለስ ይቀርባሉ። ስለዚህ ጽሑፍዎ ላይ ሪፒሴፋለስ ቦኦፊለስ ዲኮሎራተስ ብለው ሦስቱንም ቃል ቢጽፉ የቀድሞውንም የዛሬውንም መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ይረዳዎታል። በእንስሳት ሕክምና ይህ ስም እንዳይጠፋ የምሻበት የራሴ ምክንያት አለኝ፤ ስሚዝና ኪልቦርን በ1893 የከብት ትኩሳትን የሚያመጣው ባቤዥያ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ በመዥገር እንደሚተላለፍ ሲያረጋግጡ የሠሩት በዚሁ ንዑስ ወገን ላይ ነበር። እጭ ከሆነበት ጀምሮ እስኪጎለምስ አንድ ከብት ላይ ብቻ የሚኖር መዥገር መሆኑም፣ በየደረጃው እንስሳ ከሚቀይረው ከአምብሊዮማ የሚለየው ትልቅ ነገር ነው።

መልስ 4፦ ዘመነ ኮክስ

ከመልስ 3 ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሐኪሙ ከጠየቁት ጋር ሲተያይ አንድ ክፍተት ቀርቷል። የጂኖች አቀማመጥ ሜታስትሪያታን ከሌሎቹ ለመለየት ግሩም መሣሪያ ቢሆንም፣ በሜታስትሪያታ ውስጥ ያሉት ወገኖች በሙሉ በመሠረቱ ያንኑ አቀማመጥ ስለሚጋሩ፣ አምብሊዮማ ኮሄረንስን ከአምብሊዮማ ቫሪዬጋተም ለመለየትም ሆነ ቦኦፊለስን በቦታው ለማስቀመጥ አይረዳም። እዚያ የሚያስፈልገው ፊደሉ ራሱ ነው።

የሁለቱ ዛፎች አለመስማማት የሚጠበቅ ነው። የአብዛኞቹ ጠንካራ መዥገሮች የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከሦስት አራተኛ በላይ ኤና ቲ ነው። ከአራት ፊደል ሁለቱ ይህን ያህል ሲበዙ፣ በተለይ በኮዶን (አንድ አሚኖ አሲድ በሚያመለክተው የሦስት ፊደል ስብስብ) ሦስተኛ ቦታ ላይ፣ ያው ፊደል ተመልሶ የመምጣቱ ዕድል ስለሚጨምር ሩቅ ዘመዶች ቅርብ መስለው ይታያሉ። 16ኤስ ብዙዎች የሚያነቡት ከ500 ቤዝ የማይበልጥ ቁራጭ ነው፤ ኮክስ1ም ቢሆን ከ700 ቤዝ አይዘልም። 13ቱን ፕሮቲን ሠሪ ጂኖች አንድ ላይ ሲወስዱ ግን ወደ 11 ሺህ የሚጠጋ ቤዝ ያገኛሉ። ዛፉን አንድ ጊዜ በሙሉው፣ አንድ ጊዜ ሦስተኛውን የኮዶን ቦታ አውጥተው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በአሚኖ አሲዱ ይሥሩት። በሦስቱም የሚጸና ቅርንጫፍ ካለ ይመኑት፤ በአንዱ ብቻ የሚታየውን ግን በጽሑፍዎ ውስጥ ደፍረው አይደምድሙበት።

ሁለት ጥንቃቄ ልጨምር። የመጀመሪያው ስለ ደም ነው። ወንዱ ናሙናዎ እንደ ሴቶቹ አያብጥም፤ ወደ ሴቶቹ ሲሸጋገሩ ግን ሆዳቸው በከብት ደም ስለተሞላ የሚያገኙት ዲኤንኤ የከብቱም ጭምር ይሆናል። የከብት ማይቶኮንድሪያ ጂኖም 16,338 ቤዝ ስለሆነ፣ ከ15 ሺህ በታች መሆን የሚገባው የመዥገር ጂኖም ከ16 ሺህ በልጦ ከወጣልዎ የማንን ጂኖም እንደያዙ ይመርምሩ። ከሆዱ ይልቅ ከእግሮቹ ዲኤንኤ ቢያወጡ ይሻላል፤ የቀረው አካል በአልኮል ተቀምጦ በኋላ ለሚጠራጠር ሰው ማስረጃ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ ማይቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ ስለሚወረስ ጂኖሙ ስንት ጂን ቢኖረው የሚናገረው የአንድ የዘር መስመር ታሪክ መሆኑ ነው። በመዥገር ውስጥ የሚኖሩ፣ ከእናት ወደ ዕንቁላል የሚተላለፉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ በኢክሶደስ ሪሲነስ የተገኘው ሚዲክሎሪያ እንዲያውም የሚኖረው በእንቁልጢ ሕዋሳት ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ገብቶ ነው። እንዲህ ያለ ባክቴሪያ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ሲስፋፋ አብሮት የሚጓዘውን ማይቶኮንድሪያ ይዞ ስለሚስፋፋ፣ ዛፉ የመዥገሩን ሳይሆን የባክቴሪያውን ታሪክ ሊያሳይ ይችላል። ኮሄረንስና ቫሪዬጋተም በአንድ ከብት ላይ አብረው በሚገኙበት አገር፣ ከኒውክሊየስ ቢያንስ አይቲኤስ2 የተባለውን የዲኤንኤ ክፍል አንብቦ ማስተያየት አስፈላጊ ነው እላለሁ።

ሙሉ ጂኖም የሚያወጣ ሥራ ከንቱ ድካም ነው የሚሉ ሰዎች ስላሉ አንድ ምሳሌ ላንሣ። ቡናማው የውሻ መዥገር ሪፒሴፋለስ ሳንጉይነስ በሚል አንድ ስም በዓለም ሁሉ ሲጠራ ነበር። የማይቶኮንድሪያ ጂኖች ሲነበቡ ግን በሞቃት አገሮች የሚኖረውና በመካከለኛ አየር ንብረት የሚኖረው ሁለት የተለያዩ ዘሮች ሆነው ተገኙ። በ2018 ሳንጉይነስ የሚለው ስም ለየትኛው እንደሚገባ በአዲስ የዓይነት ናሙና (ስሙን በሚወክል ናሙና) ተወሰነ፤ በ2021 ደግሞ የሞቃቱ አገር ዘር ኦዱዋን በ1826 ከግብፅ በሰጠው ስም ሪፒሴፋለስ ሊኒአይ ተባለ። በሽታ አስተላላፊነታቸው ተለይቶ መጠናት ያለበት ሁለት መዥገር ለብዙ ዘመን በአንድ ስም ሲቆጠር ኖሯል ማለት ነው።

ሐኪም ዘጅማ

ፕራይመሮቹ ደርሰውልኝ ሥራውን ትላንት ጨረስኩ። ከ12ኤስ ወደ ናድ5 የሚወስደውም፣ ከሳይትቢ ወደ ናድ2 የሚወስደውም እያንዳንዳቸው አንድ ጥርት ያለ መስመር በጄሉ ላይ ሰጥተዋል። በጥንታዊው አቀማመጥ ቢሆን ኖሮ ከ12ኤስ በኋላ የሚመጣው ናድ2፣ ከሳይትቢ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ናድ1 ስለነበር፣ ሁለቱም ጥንዶች ባልሠሩ ነበር። የሳንገር ንባቡ ሲመጣ ሁለቱን መቆጣጠሪያ ክፍሎች ፊደል በፊደል አስተያይቼ ልዩነት ካላቸው እዚሁ እጽፋለሁ። ያበጡትን ሴቶች ዛሬ ጠዋት ከአልኮል አውጥቼ የእያንዳንዳቸውን አራት እግር ቆርጬ ለየብቻ በቱቦ አስቀምጫለሁ፤ አይቲኤስ2ንም ለአማካሪዬ አቅርቤ ፈቅደውልኛል።